የኔ ሳቅ፣ የነሱ መኪና

ጎረቤቴ የሺሀረግ ሰላምታ የነሳችኝ በሐይቅ ቀበሌ አዳራሽ የሰፈራው ፊልም በታየ ማግስት ነው። "አንቺዬ፣ ምነው?" ብላት ፊቷን አዙራ አለፈች። እኔ አዳራሽ አልገባሁም፤ የታየውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ባሏ ከበደ ከገበያ መሀል ታፍሶ ለሰፈራ ሲጫን ፊልሙ ላይ አለ። መኪናው ላይ ሆኖ እጁን ያወናጭፋል። "የሺ! የሺ!" እያለ ሲጣራ የነበረውን ድምፁን አጥፍተው የማርሽ ሙዚቃ አስገብተውበታል። ወዲያው የኔ ፊት ይመጣል። ጥርሴን ገልጬ እስቃለሁ።

ደሜ ፈላ። ከበደ የተጫነ ዕለት እኔ ባሌ ኑርዬ ሞቶብኝ የሐዘን ወራቴን፣ ኢዳ ላይ ነበርኩ። ኢዳ የተቀመጠች ሴት ከደጇ አትርቅም፤ ገበያው ቀርቶ ሐይቁ ዳር እንኳ አልወረድኩም። ይህን ከየሺሀረግ በላይ የሚያውቅ የለም። ውሃዬን በየቀኑ እየቀዳች ያመጣችልኝ እሷ ናት፤ ክርስቲያን ብትሆንም ኢዳዬን ከኔ በላይ ጠብቃልኛለች።

ፊልሙን የሠራው ጓድ ማዕረግ ገና ከከተማው አልወጣም ነበር። ኢዳዬም አልቋልና የፊልም መኪናው ዘንድ ሄጄ ፊቱ ተገተርኩ።

"የት አግኝተኸኝ ነው ገበያ ላይ የሳቅኩት?"

ያፍራል ስል ጭራሽ ደስ አለው፤ ሙያውን ያደነቅሁለት መሰለው።

"ሐይቁን ከደጅዎ ስናነሳ እርስዎንም አነሳንዎት፣ እትዬ። ፊት ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ዋናው የሚቀጠልበት ነው። የርስዎን ፊት አዲስ አበባ ሰዎች ላይ ሞክሬዋለሁ። ከእህል ጆንያ ቀጥዬ ሳሳያቸው 'ጠግባ ነው' አሉ። ከሕፃን ስቀጥለው 'እናት ናት' አሉ። ከሰፋሪዎቹ ስቀጥለው ግን 'ይቺ አብዮቱ የገባት ናት!' ብለው አጨበጨቡ።"

"ለማን ነበር የሳቅኩት?"

"እንስራ ያዘለች አንዲት ሴት ነበረች፤ ዶሮ ሲያሳድዳት። እሷን ቆርጠን ጣልናት፤ አታስፈልግም።"

አታስፈልግም አለኝ እኮ! አፈር ይብላና! የሺሀረግ ናት። አውራ ዶሮዬ እግሯን ሊነቁራት ሲከተላት፣ እንስራው ጀርባዋ ላይ እየዋለለ፣ እየተራገመች ዳገቱን ስትወጣ ነው የሳቅኩት። ኑርዬን ከቀበርን ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው ጥርሴ የታየው፤ እሱንም ወሰዱብኝ።

በቀጥታ ቤቷ ሄድኩ። ደጇ ላይ እንጨት ትፈልጣለች።

"የሺ፣ የሳቅኩት ላንቺ ነው። ዶሮው ያሳደደሽ ዕለት።"

መፍለጧን ቀጠለች።

"ከበደ ሲጫን የት ነበርኩ?"

"ቤትሽ።"

"ውሃ ማን አመጣልኝ?"

"እኔ።"

"ታዲያ ምን ሁኚ ነው የምትይኝ? ወላሂ፣ ከገዛ ዓይንሽ ይልቅ ፊልም ያሳዩበትን የነሱን አቡጀዴ ታምኛለሽ?"

መጥረቢያውን አስቀመጠች።

"ቤትሽ እንደነበርሽ አውቃለሁ፣ ሂንድዬ። ግን በተኛሁ ቁጥር ከበደ ይጠራኛል፣ አንቺ ደግሞ ትስቂያለሽ። ምን ላርግ በይኝ?"

ያን ሰውዬ በጥርሴ ብዘለዝለው ደስ ባለኝ፤ መኪናውን አስነስቶ ወደ ውጫሌ ሄዷል፣ እዚያም ሊያሳይ።

ኢዳዬ ስላለቀ አሁን ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ። መንገድ ላይ የሺሀረግን ከሩቅ ሳያት ፊቴን በሻሼ እሸፍናለሁ። እንዳታየኝ ነው። ብስቅም ባለቅስም ፊቴን ከበደን ከጫነው መኪና ጋር ነው የምትቀጥለው።