ወደ እታለም ጓሮ የመጣው ቦረቦር

ከወገዳ ከፍ ብሎ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ እንደ ባዩ የሚወደድ የቡድን መሪ አልነበረም። ያን ጊዜ ምግብ ለሥራ የሚባል ነገር መጥቶ ነበር። ገበሬው ተራራው ላይ እርከን ይሠራል፤ የሠራው በገመድ ይለካና ስንዴና ዘይት ይሰፈርለታል። ገመዱ ታዲያ የሚያውቀው ርዝመትን ብቻ ነው።

ባዩ ለዚያ ገመድ የተፈጠረ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ሌላው ቡድን ዶማውን ተደግፎ ወሬ ሲጀምር የእሱ ሰዎች ቀጣዩን መስመር ይዘዋል። ቦታ መምረጥም ያውቅበታል። ከመንገዱ በታች ያለውን፣ አፈሩ ለስላሳ፣ ድንጋዩ ቅርብ፣ መሬቱም ጋደል ብቻ ያለውን ነበር የሚይዘው። እዚያ እርከኑ እንደ ልቃቂት ይተረተራል። የቡድኑ ቀልደኛ ደሴ፣ ባዩ ሚስት ሊያጭ ሲሄድ ሽማግሌ ሳይሆን ገመድ ነው የሚልከው እያለ ያስቃቸው ነበር። ይሳቁ እንጂ ሁሉም ከእሱ ቡድን መግባት ይፈልጋል፤ የእሱ ሰዎች ቤት ስንዴ አይጠፋማ።

ከተራራው ሥር አክስቱ ዓለምጸሐይ ነበሩ። እናቱ ስትሞት በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እሱም አፉን ከፈታ ጀምሮ እታለም ነው የሚላቸው። ከጓሯቸው ጀርባ ቦረቦር አለ። መጀመሪያ ጥጃ የሚዘለው ቦይ ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እየሰፋ፣ እየጠለቀ፣ አፉን ወደ ቤቱ እያዞረ መጣ። ባዩ በዚያ ሲያልፍ ቆሎ በእፍኙ እየሰጡ፣ አንድ ቀን ይህን ነገር ብታይልኝ ይሉታል። እሱም ከልቡ ነው፣ ይችን ተዳፋት ልጨርስና እመጣለሁ የሚላቸው። አንዷ ስታልቅ ግን ሌላዋ ትጠብቀዋለች። ፈጣን ነኝና ሁሉንም ቶሎ ጨርሼ እደርስበታለሁ ብሎ ያስባል። መጨረስ ደግሞ ይጣፍጣል፤ ገመዱ ሲዘረጋና ሰው ሲያጨበጭብ ማን አይወድም?

ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። አባራ ሲል ባዩ በሩጫ የሄደው ወደ እርከኑ ነው። አንድም አልተናደም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሞላ ሳይቀር ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ባዩ ደስታውን ይዞ ለአክስቱ ሊነግራቸው ወረደ።

አጥሩ የለም። ጌሾው ከነሥሩ ቦረቦሩ ውስጥ ተዘቅዝቋል። ገደሉ ከቤቱ ግድግዳ አንድ ዝላይ ያህል ቀርቶታል፤ እታለም ነጠላቸውን አገልድመው ማሰሮውን፣ ቁናውን፣ የታቀፈችውን ዶሮ ከነእንቁላሏ ወደ ጎረቤት ያግዛሉ። ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«እርከኑስ፣ የኔ ልጅ? ያን ሁሉ የደከምክበትን ውሃ በላው እንዴ?»

«ደኅና ነው፣ እታለም።»

«ተመስገን። ዝናቡ ሲጥል እኮ የጨነቀኝ እሱ ነው።»

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ዶሮዋን ተቀብሏቸው ጎረቤት አደረሰና ተመልሶ ከቦረቦሩ ጠርዝ ተቀመጠ። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን በስንፍናው ያሳብብ ነበር። እሱ ግን አንድም ቀን አልተኛም፤ ላቡን ሲያፈስ ነው የከረመው። ላቡን ያፈሰሰውም ውሃ ቀስ ብሎ በሚያልፍበት ጋደል ያለ መሬት ላይ ነው፤ ውሃ ሰው ሊበላ የመጣው ግን በዚህ በኩል ነበር።

በማግሥቱ ለቡድኑ ነገራቸው። ቦረቦሩን በድንጋይ ካብ እንዝጋው አለ። ሰዎቹ መሬት መሬት አዩ። ሞላም ክፉ ሰው አይደለም፤ አዘነ፤ ነገር ግን ካብ ቢደራረብ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን አይረዝምም፣ ገመዱ ላይ ምንም አይወጣለትም፣ ስንዴው ደግሞ በገመዱ ነው ብሎ አስረዳ። ልጆች ያሏቸውን ሰዎች ስንዴያችሁን ተዉ ማለት ለባዩም አልሆነለትም። ገመዱን ለደሴ ሰጠው።

«አንተስ ምን ልትበላ ነው?» አለ ደሴ፣ ለወጉ እንኳ ሳይስቅ።

«እታለም ቆሎ አያጡም» አለና ወረደ።

ብቻውን ድንጋይ ማጋዝ ጀመረ። ልማድ ክፉ ነው፣ እዚያም ቸኮለ፤ ከፊት ለፊቱ ያገኘውን እያነሳ ከመረ፣ የከመረውም ተንሸራቶ ወረደ። ቁጭ ብሎ አየው። ከዚያ በኋላ ትልልቁን ድንጋይ እያንከባለለ ከታች አስተኛው፣ የካቡን ጫፍና ጫፍ ግራና ቀኝ ከቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ አስገባው። ቀኑን ሙሉ ለፍቶ የሠራው ከጉልበቱ አያልፍም ነበር። ከላይ የደሴ ቡድን እየዘፈነ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያያቸዋል፤ ግን አልተመለሰም።

የግንቦት ሚካኤል ደረሰ። በዚያ አገር በሚካኤል ቀን መሬት የሚቆፍር የለም፤ የቆፈረ እንደሆነ በረዶ ያመጣብናል ብለው ይፈራሉ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ባዩን ድንጋይ ተሸክሞ አገኘውና ጉምጉምታ ተነሣ። አንዳንዱም በዓል ሻረ አለ። የደብሩ ቄስ አባ ወልደ ሰንበት መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ቦረቦሩ አዩ፣ ከዚያም ወደ ቤቱ።

«የተከለከለው መሬት መውጋት ነው» አሉ። «ድንጋይ ተሸክሞ የባልቴት ቤት ማዳን መቼ ነው በዓል መሻር የሆነው? ይልቅ ለእኔም ቀለል ያለውን አሸክሙኝ።»

ማንም ያላሰበው ነገር ነበር። በሥራ ቀን ገመድ ይዟቸዋል፤ በበዓል ቀን ግን ጉልበቱም ጊዜውም አለ። መጀመሪያ ደሴ ጋቢውን ጣለ። ከዚያ ሞላ። ሴቶቹ ትንንሹን ድንጋይ በቁና አመጡ። ባዩ እንደ ድሮው አላጣደፋቸውም፤ እያንዳንዱን ድንጋይ እያገላበጠ፣ ይህ እዚህ፣ ያ እዚያ ይላል። ደሴም ድንጋይ ነው ወይስ ሚስት ነው የምትመርጠው አለው። በማርያም ዕለትም ተመለሱ፤ በየበዓሉ እየመጡ ካቡን ከፍ አደረጉት።

ሰኔ ሲገባ የክረምቱ ጎርፍ መጣ፤ ጠቆር ያለ፣ ግንድ ያዘለ ጎርፍ። ባዩ ከካቡ አጠገብ ቆመ። ዝናብ ውስጥ መቆሙን ያዩ ሰዎችም ጆንያ እየተከናነቡ መጡ። እታለም ከጎረቤት ደጃፍ ያያሉ። ውሃው ካቡን ገጨው። አንዲት ድንጋይ ከላይ ተነቅላ ሄደች። ከዚያ ውሃው መለስ አለ፣ ተከማቸ፣ ያዘለውን ጭቃ ከካቡ ጀርባ እያስተኛ፣ በላይ በኩል ቀስ ብሎ ተሻገረ።

«አሁን ይሄ ስንት ገመድ ይባላል?» አለ ደሴ።

ሁሉም ዞር ሲሉ እታለም ከጎረቤት እሳት በገል ይዘው፣ በነጠላቸው ከዝናቡ ከልለው፣ ወደ ቤታቸው ሲገቡ አዩ። ባዩ ዝናቡ እየመታው ቆየ፤ ሰዎቹ ና ተጠለል ቢሉትም እንቢ አለ። ከእታለም ጎጆ ክዳን ሣር ውስጥ ጭሱ ፈልቆ ሲወጣ ካየ በኋላ ነው ከዚያ የተነሣው።