ከወንበሩ ጀርባ

እና ዝም ማለት መስማማት ነው አለ እኮ ሰብሳቢው፣ አሁን አለ፣ በጆሮዋ ሰምታለች፣ እዚህ ቤት ሰው ዝም ካለ ተስማምቷል ነው የሚባለው፣ ጉድ ነው፣ እንግዲያው ኬሙንቶ ዕድሜዋን ሙሉ ስትስማማ ነው የኖረችው፣ አከራዩ ሲጨምር ተስማምታ፣ የልጇ የሞራ አባት ልብሱን ሰብስቦ ሲሄድ ተስማምታ። ሞራ ጭኗ ላይ ተኝታለች። አትንቂ የኔ እናት፣ ትንሽ ቆዪ፣ ካለቀስሽ ያስወጡናል። ማን ነው የሚያስወጣን፣ ወንበሩ የኔ ነው፣ የነዋሪዎች ወኪል ተብሎ ስሜ ፊት ለፊቴ ተለጥፎ። ስሟን ታነባለች፣ ሌላውን ወረቀት ግን ፊደል ከፊደል አገጣጥማ አንድ መስመር ሳትጨርስ እነሱ ገጹን ይገለብጡታል።

ይበርዳል ክፍሉ። ውጭ ናይሮቢ በፀሐይ እየነደደች እነዚህ ብርድ የሚነፋ ማሽን ከፍተው ኮት ይለብሳሉ።

አቶ ባራሳ ቆሞ ይናገራል፣ አዲሱ ዳይሬክተር መሆን የሚፈልገው፣ ድምፁ የሬዲዮ ድምፅ፣ ደስ ይላል ሲሰሙት፣ የጥናት ተቋማችን ከእንግዲህ በየሰፈሩ ጭቃ መርገጡን ትቶ ለሚኒስትሮች የሚመጥን ሥራ ይሠራል፣ የወንዝ ዳሩም ጥናት እዚሁ ላይ ይቆማል። እንዲህ ነው ያለው፣ ስኳር ይበቃኛል እንደሚል ሰው። የወንዝ ዳር ማለት ቤቴ እኮ ነው ጌታው። ቆርቆሮዬ፣ አልጋዬ፣ ልጄን የማጥብበት ሳፋ። ጥናቱ ካለቀ፣ ሰዉ ምትክ ቦታ ሳይሰጠው አይነሣ የሚል ነገር ለመንግሥት ይቀርባል። ጥናቱ ካልቀረበ ዶዘሩ ይቀርባል።

ካሎንዱ አንገቷን ደፍታለች። ጥናቱን የጀመረችው እሷ ናት፣ ዳይሬክተርነቱንም ከሱ ጋር የምትፎካከረው እሷ፣ ሰፈራችን ማታሬ የመጣች ቀን ጭቃው ጫማዋን ነጥቆ ሲያስቀርባት ሴቱ ሁሉ የሳቀባት፣ ሳቂ ማማ ሞራ፣ ሳቂ፣ አንቺም አንድ ቀን የኛ ስብሰባ ትመጫለሽ፣ ያኔ እስቅብሻለሁ ያለቻት። ዛሬ ተነሥታ ዓላማችን ከሚጠናው ሰው ጋር ሆኖ ማጥናት ነው ስትል እነሱ ስልካቸውን ነበር የሚያዩት። ሳቂብኝ እንጂ ካሎንዱ፣ ምነው አትስቂም።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንለፍ አለ ሰብሳቢው ዶክተር ቼሩዮት፣ የአባላቱ አስተያየት ወደ አቶ ባራሳ ያደላ ይመስላል፣ ተቃውሞ ከሌለ እሱ ተመርጧል አለ፣ እሷ ግን ምርጫ የምትለዋን ነው የያዘችው፣ ተነሣች፣ ሞራን በሌሶዋ፣ በማዘያ ጨርቋ፣ አዘለች፣ ጠረጴዛውን ዞራ ካሎንዱ ወንበር ጀርባ ሄዳ ቆመች። ቆማ ሌሎቹ እስኪነሡ ጠበቀች። ሰው የሚመረጠው እንዲህ ነዋ፣ በሴቶች ማኅበር፣ ቧንቧው አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ፣ የምትፈልጊያት ጀርባ ትሰለፊያለሽ፣ አለቀ። ዱሮ አገር ሙሉ እንዲህ ተሰልፎ አጭሩ ሰልፍ አሸነፈ ሲባል በዓይናችን አየን ትላለች እናቷ፣ ቢሆንም ይሻላል፣ ቢሰረቅ እንኳ ዓይንሽ እያየ ይሰረቃል።

ማንም አልተነሣም።

ወይ ጉዴ። እዚህ እንደሱ አይደለም። ፊቷ ጋለ፣ አምባር ያደረገችው ወይዘሮ ፈገግ ብላ ማማ፣ ሽንት ቤቱ በዚያ በኩል ነው አለቻት፣ ሳቁ ጠረጴዛውን ዞረ፣ በሩም ያው፣ ክፍት፣ አመሰግናለሁ ብላ ብትወጣ ሁሉም ነገር ያልቃል፣ ይረሱታል፣ መንገድ ላይ ማንዳዚ ገዝታ እየበላች ቤቷ ትገባለች። የትኛው ቤቷ።

«ሽንት ቤት አልፈለግሁም እሜቴ። እየመረጥኩ ነው።»

ሳቁ ተቆረጠ። ካሎንዱ ዞር ሳትል ተቀመጪ፣ ይቅርብሽ፣ በኔ ምክንያት አትዋረጂ አለቻት በሹክሹክታ፣ አንቺ ዝም በይ አለች ኬሙንቶ በልቧ፣ ላንቺ ብዬ መሰለሽ እንዴ። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። ልጄ፣ እዚህ እንዲህ አይመረጥም፣ ተቃውሞ አለኝ ነው የምትዪው፣ ተቃውሞ ካለሽ ደግሞ ደንቡ እያንዳንዱን አባል በየስሙ ጠይቅ ይለኛል፣ ይህን ሁሉ ሰው ልታስለፊ ነው፣ አለ፣ እንደ መለመን አደረገው።

አዎ፣ አስለፋለሁ። እኔ ስለፋ ማን ምን አለ።

«ተቃውሞ አለኝ አባባ። ይጠይቋቸው።»

ጀርባዋ በረዳት፣ ከሞራ ትንፋሽ በቀር ማንም የለም፣ እግሯም ይንቀጠቀጣል፣ ይንቀጠቀጥ፣ ቆሞ እስከተንቀጠቀጠ ድረስ። ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ባለ አምባሯን በስሟ ጠራት። ሴትዮዋ ወረቀት አየች፣ ጣሪያ አየች። ወደዚህ ነው እሜቴ፣ እኔን እያየሽ፣ ቤትሽ ይፍረስ ማለት የፈለገ ሁሉ ዛሬ አፉን ከፍቶ ዓይኔን እያየ ይበለኝ፣ ሁሉም ይበሉኝ፣ ልስማው፣ እኔ እንደሆንኩ አልቀመጥም።