ስለ አሥር ቁጥር ማንም አላወራም

አርባ ሦስት ለስድስት ተሸንፈን እየተመለስን ነበር። ወደ ወደብ ከተማው ሄደን ስንሸነፍ ይህ የመጀመሪያችን አይደለም፤ የዚያን ቀኑ ግን ለመናደድ እንኳ አቅም የሚያሳጣ ነበር። በመጀመሪያው ግማሽ ጮህን። በሁለተኛው ግማሽ ዝም ብለን አየን። ጨዋታው ሲያልቅ ግዌንዳ ጃንጥላዋን አጣጥፋ፣ "በሉ ወደ መኪናው፤ እዚያ ቢያንስ አይዘንብም" አለች። በዕለቱ ከሰማሁት ሁሉ ፍሬ ያለው ንግግር እሱ ነው።

ስሜ ኤሊነድ ነው፤ ሰው ሊን ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ለትምህርት ቤት ልጆች ምግብ ስቀቅል ኖሬ ጡረታ ወጣሁና የብሪንሄሊን ራግቢ ክለብ መራጭ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆንኩ። በሌላው ክለብ ተጫዋች የሚመርጠው አሠልጣኙ ነው። እኛም አሠልጣኝ አለን፤ ደግ ሰው ነው፤ ግን ሐሙስ ሐሙስ በክለቡ መስኮት ላይ የሚለጠፈውን የአሥራ አምስት ሰው ስም የምንወስነው እኛ አምስት ሽማግሌዎች ነን። ለምን ብትሉኝ፣ አባቶቻችንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አምስታችንም በሄይደን መኪና ውስጥ ነበርን። ሄይደን ይነዳል፤ ሲነዳ ከሚያወራበት መንገዱን የሚያይበት ጊዜ ያንሳል። አጠገቡ ኢድዋል ተቀምጧል፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በወጣትነቱ ከፊት መስመር ሲገፋ ኖሮ ሁለቱም ጆሮዎቹ ተጨማደው ቀርተዋል። ከኋላ እኔና ግዌንዳ ነን። እሷ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የሥጋ ሱቁን ብቻዋን ታስተዳድራለች፤ ምላሷን ግን ማስተዳደር አልቻለችም። መጨረሻው ወንበር ላይ ዴልዊን ነበር። ዴልዊን ጣሪያ ሠሪ ነበር፤ በጊዜው ደግሞ አሥር ቁጥር ለባሽ፣ ማለትም ጨዋታ መሪና ግብ መቺ። ሁለቱንም ለልጁ ለትሪስታን አውርሶታል። ትሪስታን ከተጫዋቾቹ ጋር በትልቁ አውቶቡስ ቀድሞን ሄዷል።

ከከተማው እንደወጣን ኢድዋል እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ስንሸነፍ ከአንድ ቁጥር እስከ አሥራ አምስት ቁጥር እያንዳንዱን ሳያነሣ ቤቱ አይገባም።

"አንድ ቁጥር" አለ። "ያ ልጅ ይገፋል ወይስ ይገፈተራል?"

"አንተስ በጊዜህ ትገፋ ነበር?" አለችው ግዌንዳ።

"እኔ? እኔ ስገፋ ሰው አምቡላንስ ይጠራ ነበር።"

"አዎ፣ ለአንተ።"

ማንም አልሳቀም። ቀልዱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ስለደከመን ነው።

"ሁለት ቁጥር ኳሱን ሲወረውር ለእኛ ይሁን ለእነሱ አልገባኝም።"

"ለሁሉም እኩል ነው የሚሰጠው" አለ ሄይደን። "ሰንበት ሳያጓድል ቸርች የሚሄድ ልጅ ነው።"

"ሰባት ቁጥርስ? አሥር ደቂቃ ሙሉ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር እኮ።"

"ሚስቱ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው" አለች ግዌንዳ። "ተጎድቶ መሰለህ? ተመችቶት ነው።"

ስምንትን አወረዱት፤ መልሰው አስገቡት፤ ሌላ ሰው የለንማ። ዘጠኝ ቁጥር ከኳሱ ጋር ካሳለፈው ጊዜ ከዳኛው ጋር የተጨቃጨቀበት ይበልጣል ተባለ። ከዚያ ኢድዋል ትንፋሽ ወሰደና "አሥራ አንድ ቁጥር" አለ። እኔም ቀና ሳልል ወረቀቴ ላይ "11" ብዬ ጻፍኩ።

አሥር ቁጥርን የዘለልነው ረስተን አይደለም። ትሪስታን ከስድስት ምት አራቱን ስቷል። ሁለት ጊዜ ደግሞ ማንም ሳይነካው ኳሱ ከእጁ አምልጦ ወድቋል፤ ሁለቱንም ጊዜ እነሱ አንሥተው ሮጠው አስቆጥረዋል። አምስታችንም በዓይናችን አይተናል። ግን ደንብ አለን፤ የልጅህ፣ የወንድምህ ወይም የአማችህ ስም ሲነሣ ከክፍሉ ትወጣለህ። ደንቡ የወጣው እኔ ልጅ ሳለሁ ሁለት መራጮች በአንድ አማች ምክንያት ጥርስ እስኪወላለቅ ከተደባደቡ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ለምርጫ ተሰብስበን አሥር ቁጥር ላይ ስንደርስ ዴልዊን ቆቡን ያነሣና ይወጣል፤ ኮሪደሩ ላይ ከቢራ በርሜሎቹ አጠገብ ይቆማል።

እሱ ሲወጣ ውስጥ የሚሆነውን ልናገር፤ ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ልናገር። ኢድዋል "ይቀጥል" ይላል። ግዌንዳም "ይቀጥል" ትላለች። በቃ። ከዚያ ክርክር የነበረ እንዲመስል ሁለት ደቂቃ ስለ አየሩ እናወራለን፤ ዴልዊንንም እንጠራዋለን። ሚስቱ ዶሪን ከሞተች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የቀረችው ደስታ ቅዳሜ ልጁን ሜዳ ላይ ማየት ናት ብለን አስበናል። ያንን ከእጁ የሚነጥቅ አንጀት ከየት ይምጣ።

"አሥራ አንድ ቁጥር" ብሎ ኢድዋል ሊቀጥል ሲል ከኋላ የዴልዊን ድምፅ መጣ።

"ከዘጠኝ በኋላ አሥራ አንድ ነው እንዴ የሚመጣው?"

ሄይደን በመስታወቱ አየው።

"መኪና ውስጥ ነን እኮ፣ ዴል። ደንቡን ታውቀዋለህ።"

"ደንቡ ከሆነ አቁም። እወርዳለሁ።"

"በዚህ ዝናብ?"

"አቁም አልኩህ።"

ሄይደን ተራራውን ስንጀምር ካለችው ማቆሚያ ላይ አቆመ። ዴልዊን ቆቡን አድርጎ ወረደ፤ በሩን በቀስታ ዘጋ፤ አሥር እርምጃ ያህል ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ገና ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው፤ የየካቲት ቀን ግን ከዚያ አያልፍም፤ ሊመሽ ነው።

"በሉ" አለ ኢድዋል። "እንግዲህ በሉ።"

"ሁለቴ ኳስ ጣለ" አለች ግዌንዳ።

"አይቻለሁ።"

"እና?"

"እናማ እዩት ያንን ሰው።"

ሁላችንም አየነው። ጃኬቱን እንኳ አልቆለፈም። ውሃው ከቆቡ ጫፍ እየተንጠባጠበ አንገቱ ውስጥ ይገባል፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

"እኔ እሱን ልጅህን አስወጣነው ልለው አልችልም" አለች ግዌንዳ። "ሱቄ መጥቶ አንድ ቁርጥ ሥጋ ነው የሚገዛው። አንድ። ያንን እየመዘንኩ ላየው አልችልም።"

"ይቀጥል" አለ ኢድዋል። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። ሄይደንም ራሱን ነቀነቀ። እኔም እስክሪብቶው በእጄ ሆኖ "ትሪስታን" ብዬ ጻፍኩ።

"አሁኑኑ አንጥራው፤ ትንሽ ይቆይ" አለ ሄይደን በልማድ። ከዚያ ያለው ነገር ገባው። "ኧረ ሰውየው ዝናብ ላይ ነው" ብሎ ክላክሱን ነፋ።

ዴልዊን ገብቶ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ረጠበ። "ምን ወሰናችሁ?"

"ይቀጥላል" አልኩት። እሱ ሳያንሰኝ ደግሞ ደስ እንዲለው ብዬ "በሙሉ ድምፅ" ጨመርኩበት።

ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ሄይደን ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል፣ "ምን ነካችሁ እናንተ ሰዎች?" አለ ዴልዊን ቀስ ብሎ። "ኮሪደር ላይ ቆሜ ምን ብዬ እንደምጸልይ ታውቃላችሁ? ከጥቅምት ጀምሮ? አስወጡት ብዬ ነው የምጸልየው።"

ኢድዋል በዚያ ወፍራም አንገቱ እንደ ምንም ዞሮ አየው።

"ቀኝ እጁ ይደነዝዘዋል" አለ ዴልዊን። "ጥቅምት ላይ አንገቱን ከተመታ ጀምሮ። ጧት የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት ልጁ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ማክሰኞ ጣሪያ ላይ እያለ መዶሻው ከእጁ አምልጦ ወደቀ። ታች ሰው አልነበረም፤ እግዜር አወጣው። ሐኪሙ አንድ ሌላ ምት ካረፈበት እጁ ላይመለስ ይችላል ብሎታል። ያለ እጅ ምን ይሠራል? ጣሪያ ላይ በጥርሱ ይወጣል?"

"ታዲያ ለምን ራሱ በቃኝ አይልም?" አለ ኢድዋል። ተቆጥቷል።

"ብሎኛል። ያኔ ጥቅምት ላይ ቤት መጥቶ፣ አባዬ በቃኝ አለኝ። እኔ ምን አልኩት መሰላችሁ? በእኛ ቤት ስሙን በገዛ እጁ የሰረዘ ሰው የለም አልኩት። መራጮቹ ዓይን አላቸው፤ እነሱ ያወርዱሃል፤ በወጉ ትወርዳለህ አልኩት። ቢበዛ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ብዬ።"

"አራት ወር ሆነ" አልኩ እኔ።

"አራት ወር ሆነ፣ ሊን። ሐሙስ ሐሙስ መስኮቱ ላይ ስሙን ያያል፤ ከዚያ እኔን ያየኛል። ያኔ ያልኩህን ተው፣ ራስህ ግባና ንገራቸው ብለው ደግሞ፣ አሁን እነሱ እምነት ከጣሉብኝ እንዴት አሳፍራቸዋለሁ አለኝ።"

"ጆሯችን ላይ ሹክ ብትለን ምን ነበረበት፣ አንተ ግትር?"

"ስለ ልጄ መናገር አልችልም። ደንብ ነው።"

"እኛ እኮ ለአንተ ብለን ነው" አለች ግዌንዳ። "ዶሪን ካረፈች ወዲህ... ለአንተ ብለን ነው ያቆየነው።"

"ለእኔ?" አለ።

በዕድሜዬ ብዙ ክፉ ሰው አይቻለሁ፤ ይሉኝታ ያደረሰውን ጉዳት ያህል ግን ክፋት ሲያደርስ አላየሁም። አንድ አባት በር ላይ ቆሞ ልጄን አውርዱልኝ ይላል፤ አራት ወዳጆች ደግሞ በር ዘግተው አባትየውን እንዳናስቀይም ይላሉ፤ በመሃል የአንድ ሰው እጅ ይሞታል። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ሳምንት ስሙን የጻፍኩት በዚህ እጄ ነው። ራሴን ጠላሁት።

"ደንቡን አንዴ ልጣሰው" አለ ዴልዊን፤ "ይውረድ" ብሎም እጁን አወጣ። እኛም አወጣን፤ አንድም የቀረ የለም። አሥራ አምስት ቁጥራችን ወደ አሥር እንዲመጣ ወሰንን፤ እኔም ትሪስታንን ሰረዝኩ። ከዚያ በኋላ እስከ ብሪንሄሊን ድረስ ማንም ስለ ጨዋታው አላነሣም።

ክለቡ ስንደርስ ተጫዋቾቹ ድንችና ቋሊማቸውን እየበሉ ነበር። ትሪስታን ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ብርጭቆውን የያዘው በግራ እጁ ነው፤ ቀኙ ጠረጴዛው ሥር ነው። ይህን ለአራት ወር እንዴት እንዳላየሁ እንጃ። ዴልዊን ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፤ እኛ አራታችን ከኋላው እንደ ለቅሶ ደራሽ ቆምን።

"ለቅዳሜ የለህም" አለው።

ትሪስታን ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ አወጣ፤ ትከሻው ሲወርድ ታየኝ። "እሰይ" አለ። "እሰይ፣ አባዬ።"

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ኮቴን ላወልቅ ነበር። ዓይኑን ሲገልጥ ግን ያየው አባቱን ሳይሆን እኛን ነው።

"እትዬ ሊን፣ ማንም አልተከራከረልኝም?"

ሊወርድ ለምኗል፤ ልመናው እውነተኛ ነው። ግን ያንን ማሊያ አሥራ ስድስት ዓመት ለብሶታል፤ ሲያወልቀው አንድ ሰው እንኳ ጫፉን ቢይዝበት ምን አለበት። ለእሱ ልንከራከር በማይገባን ጊዜ ሁሉ ስናስቀጥለው ኖረን፣ ትክክሉን ባደረግንባት በአንዷ ቀን ማንም ቃል አልተነፈሰለትም።

"ሦስት ለሁለት ነው" አለ ዴልዊን። ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም።

"ሁለቱ እነማን ናቸው?"

ዴልዊን አፉን ከፈተ፤ ስም ግን አልመጣለትም። ያኔ ኢድዋል፣ ያ ሁሉን ሲያብጠለጥል የዋለ ሰው፣ እጁን አወጣ። "እኔ" አለ። "አሁንም ቢሆን እከራከራለሁ።"

ሁለተኛው ሰው መገኘት አለበት ብዬ እኔ እጄን አወጣሁ። ልክ በዚያችው ቅጽበት ግዌንዳም አወጣች። ሄይደንም ማንንም ሳያይ አወጣ። ዴልዊን ዞሮ አራት እጅ ተነሥቶ አየ። ትንሽ ቆይቶ የእሱም እጅ ቀስ እያለ ወጣ።

"ሦስት ለሁለት" አለ ትሪስታን፣ እጆቻችንን አንድ በአንድ እየቆጠረ። ከዚያ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ይሳቅ ይሁን ያልቅስ አልታወቀም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኛም እጃችንን መቼ እንደምናወርድ ስላላወቅን እንደዚያው ቆየን።