ባለጥርሱ ሳንቃ

«የአይናዲስ መዳፍ፣ ጠባሳው ብዛቱ፣
እንግዳ ስታበላ፣ ፈጃት ምጣዲቱ!»

አልቃሿ እትዬ ሙሉእመቤት ይህን ስታወርድ ዳሱ በሙሉ «ወዬው!» አለ። ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ፤ ወንዶቹ ኩታቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። እውነትም የሟቿ የቀኝ መዳፍ ጠባሳ ብቻ ነበር፤ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ ያንን እጅ ያልጨበጠ ጎረቤት የለም። ከለቀስተኛው ሁሉ እንባው የደረቀው ባሏ ዓምደሚካኤል ብቻ ነው። መሬት ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ሲያለቅስ ቆይቶ፣ ያቺ ስንኝ ጆሮው ስትገባ እንባው ቀጥ አለ።

ለምን ቢሉ፣ ጠባሳው የምጣድ አልነበረም። «ምጣድ ነው» ብሎ ለመንደሩ ያወራው ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ ዓምደሚካኤል ነው። ውሸቲቱ ስድስት ዓመት ከአፍ ወደ አፍ ስትዞር ከርማ ይኸው ሙሾ ገባች። ሙሾ የገባ ነገር ደግሞ ማን ያወጣዋል? የአራዳ ሰው የሟቹን መልክ ይረሳል እንጂ ሙሾውን አይረሳም።

አይናዲስ የተቀበረችው ትናንት ነው። ሳል ነው የጀመራት፤ ሳምንት ሳይሞላ አልጋ ላይ ጣላት፣ በሁለተኛው ሳምንት ጊዮርጊስ ወሰዷት። ነገ ሰልስቷ ነው። በሰልስት የሟች ዕቃ ዳስ ወጥቶ ይለቀስበታል፤ ወንድ ከሆነ ጠመንጃውና ጋሻው፣ ሴት ከሆነች ቀሚሷና ጌጧ፣ ትታወቅበት የነበረው የእጅ ሥራዋም።

እትዬ ሙሉእመቤት ጉሮሮዋን ልታርስ አረፍ ስትል ወደሱ ዘንበል አለች።

«ልጄ፣ ለነገ ምኗን ታወጣልኛለህ?»

«ቀሚሷን» አለ። አስከትሎም፣ «እንዝርቷንም።»

«እንዝርቷን! ደግ። ስለ ፈትል የማወርደው ሞልቶኛል።»

ጎረቤቱ መይሙና በዚያች ሰዓት በሰፌድ ንፍሮ ይዛ ታድል ነበር። ከሟቿ ጋር በአንድ አጥር አሥራ ሦስት ዓመት የኖረች፣ የነገረኛ ምላስና የደግ ልብ ባለቤት ናት። አጠገቡ ስትደርስ ቁጢጥ አለች።

«እንዝርት?» አለች በሹክሹክታ። «አይናዲስ እንዝርት ጨብጣ አይቼ አላውቅም ጋሼ። ፈትሏን እኔ አልነበርኩም የምፈትልላት?»

«መይሙና፣ በፈጠረሽ ተይኝ።»

«ትቼዎታለሁ። ‹አደራ፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ› ብላኝ ነው የሄደችው። ከኔ አፍ አይወጣም።» በመዳፉ ላይ ንፍሮ ዘረገፈችለትና ተነስታ ሄደች። ዓምደሚካኤል ንፍሮውን ወደ አፉ ሊያደርስ ቢሞክር ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ ግማሹ መሬት ፈሰሰ።

ያ መንቀጥቀጥ የኅዳር በሽታ የተወለት ነው። ዓምደሚካኤል የሐር ገመድ ቋጣሪ ነበር፤ የካባ ማሰሪያ፣ የበቅሎ ጌጥ፣ የታቦት ጃንጥላ ዘርፍ ከሱ እጅ ነበር የሚወጣው። ሙያውን አባቱ ናቸው ያስተማሩት። ገመዱን በአሥሩ ጣቶቹ ላይ ጠላልፎ፣ አንዱን በአንዱ ሥር እያሳለፈ ሲስበው፣ ከጣቶቹ መሀል የፈነዳ አበባ የመሰለ ቋጠሮ ይወጣ ነበር። ታዲያ በዚያ ክፉ ኅዳር በሽታው ነፍሱን ምሮ እጁን ወሰደው። ከአልጋው ተነስቶ ሐሩን ቢይዝ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት፤ አንዱን ቀለበት ሲይዝ ሌላው ያመልጣል። አንድ ቀን እንደ እብድ ጮኾ ሐሩን ከነጥቅሉ ግቢው ጭቃ ላይ ወረወረው።

አይናዲስ ወጥታ ለቀመችው፣ አጠበችው፣ አሰጣችው። ከዚያ መጥታ ፊቱ ተቀመጠች።

«ቋጠሮው አንተ ጋ አለ» አለችው። «ራስህ አልረሳም። ያጣኸው የሚይዝልህ ነው።»

የሠርግ ሳጥኗን ክዳን ነቀለች። ያንን ክዳን፣ እናቷ የሰጠቻትን፣ ሳታቅማማ። ሳንቃውን መሬት ላይ አጋድማ «እጅህን አምጣ» አለችና ሁለቱን እጆቹን ጣቶቹን ዘርግቶ እንዲያስቀምጥ አደረገች። በከሰል ዙሪያቸውን አሰመረች። እጆቹ ይንቀጠቀጡ ስለነበር በጉልበቷ ጫን ብላ ያዘችለት። በየጣቱ ጫፍ ላይ አንድ አንድ ነጥብ፣ በጠቅላላው አሥር። ከዚያ ከመይሙና ባል ከሽኩር የብረት ዘንግ ተዋሰች፣ ፍም ውስጥ አጋለችው፣ ነጥቦቹን ትበሳ ጀመር። አራተኛው ቀዳዳ ላይ ብረቱን የያዘችበት ጨርቅ ተንሸራቶ የጋለው ብረት መዳፏን ላጠው። መይሙና እየተራገመች ማር ቀባቻት። «ተይው ይብቃሽ!» ብትላት፣ «ስድስት ቀርቶኛል» አለች።

ለቀዳዳዎቹ አሥር የወይራ ጥርስ ጠረበች። የመጀመሪያውን ጊዜ ጥርሶቹን ከልክ በላይ አጥብቃ ተከለቻቸው። ዓምደሚካኤል ገመዱን በነሱ ላይ ጠላለፈ፤ ቋጠሮው እንደ ድሮው አምሮ ተቋጠረ፤ ግን ከሳንቃው አልወጣም አለ። ሐሩን በቢላ ሲቆርጠው የሁለቱም አንጀት አብሮ ተቆረጠ። ሁለት ቀን አሰበችበት። ከዚያ ጥርሶቹን ከሥር አቀጠነቻቸው፣ በሞራ አሸቻቸው፤ ቋጠሮው ሲያልቅ እየተነቀሉ ይወጣሉ፣ አበባው መዳፍ ላይ ይቀራል። ባሏ ያን ቀን ቋጠሮውን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሰው ግን የታሰረ እጇን ሲያይ ይጠይቃል። ብረት የሚያግል ሰው ቀጥቃጭ፣ ቡዳ ይባል በነበረበት ዘመን፣ በሰፈር ውስጥ ምን ስም እንደሚወጣላት ባሏ ያውቃል። እሷ አፏን ሳትከፍት ዓምደሚካኤል ቀደመና «ምጣድ ነው» አለ። ለሷ አስቤ ነው ይላል። እስቲ ይሁን። ግን ሁለተኛውን ውሸት ለማን አስቦ እንደዋሸ እሱም አያውቀውም።

ሁለተኛው እንዲህ ነው። የአንድ ትልቅ ሰው አጋፋሪ የሆኑት አቶ ወልደገብርኤል የካባ ማሰሪያ ሊያሠሩ መጡ፤ ሳንቃውን አዩና ተደነቁ። «ይህን የመሰለ ብልሃት! ማን ሠራው?» ዓምደሚካኤል ደረቱ ተነፋ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

«ጌታዬ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው በሕልሜ ያሳየኝ» አለ።

አይናዲስ ከመጋረጃው በስተጀርባ ጠላ ትቀዳ ነበር። ሰምታለች። ወጥታ ለአጋፋሪው ቀዳች፣ በዚያችው በጠባሳ እጇ፣ እጅ ነስታ ተመለሰች። ወሬው በሳምንት ውስጥ ከጊዮርጊስ እስከ አፍንጮ በር ተዳረሰ፤ ሰውየው «ባለሕልሙ» ተባለ። የአራዳ ሰው መች ያጣዋል፤ «ስሙን ለሚካኤል፣ ሕልሙን ለጊዮርጊስ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ትእዛዙ ጎረፈ።

አጋፋሪው በመጡበት ዕለት እራት ላይ አይናዲስ ጉርሻ እየጠቀለለች፣ «ሕልሙን ለኔም ንገረኝ እንጂ» አለችው። «እኔ የት ነበርኩ?»

«አንቺማ ተኝተሽ ነበር» አለ፣ ሊቀልድ።

ሳቀች። አጎረሰችው። ሁለተኛ አላነሳችውም። ምነው በጮኸች፣ ምነው በረገመችኝ ይላል አሁን። በየዕለቱ ጥርሶቹን በሞራ እያሸች ስድስት ዓመት ኖረች፤ በሕመሟ መጨረሻ እንኳ የተናገረችው ስለ ሳንቃው ነው። «ሰባተኛዋ ጥርስ ላልታለች። ብነሳ እኔ እለውጣታለሁ። ካልተነሳሁ አንተ ለውጣት።»

በዚያው በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ወልደገብርኤል ቡርኖሳቸውን ደርበው ለቅሶ ደረሱ። ሰው ተነሳላቸው። ዓምደሚካኤል አጠገብ ተቀመጡና፣

«እግዜር ያጥናህ» አሉ። «ለጥምቀት ያዘዝንህ የጃንጥላው ዘርፍ አያስጨንቅህ፤ አርባዋ ከወጣ በኋላም ቢሆን ቀስ ብለህ ትደርስበታለህ። ብቻህን ቀረህ እንዳልል፣ ያንተ ረዳት ሰማዕቱ ጊዮርጊስ ነው።»

«እውነት ነው» አሉ ሽማግሎቹ። «ያሳየውን አይነሳውም።»

ዓምደሚካኤል አንገቱን ደፋ። ሐዘን መስሏቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እሱ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሚስቱን ሁለት ጊዜ ቀብሯታል፤ አንዴ ትናንት፣ አንዴ ከስድስት ዓመት በፊት፣ ያውም በሰማዕት ስም።

የሰልስቱ ዕለት ማለዳ ዳሱ ጢም ብሎ ሞላ። የአይናዲስ ቀሚስ በአልጋ ላይ ተዘረጋ፣ የአንገት ማርዳዋ ከላይ ተቀመጠ፤ እንዝርቱም ከጎኑ ነበር። እንዝርቱ የማን እንደሆነ መይሙና ስታየው አወቀችው፤ የራሷ ነበር፤ ፈትሉን ልትሰጥ መጥታ የረሳችው። እትዬ ሙሉእመቤት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደግድጋ መሀል ገባች። መጀመሪያ ያችኑ ትናንት የሰመረችላትን አነሳች።

«የአይናዲስ መዳፍ፣ ጠባሳው ብዛቱ...»

ለቀስተኛው ሁሉ የሚቀጥለውን አውቆት ከአፏ ነጥቆ አወረደው፦ «እንግዳ ስታበላ፣ ፈጃት ምጣዲቱ!»

ዓምደሚካኤል ተነሳ። ደክሞት መስሏቸው ሁለት ሰዎች ክንዱን ያዙ። አስለቀቃቸውና ወደ ቤት ገባ። ሲመለስ በአይናዲስ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ነበር። አልጋው ዘንድ ሄደ፤ እንዝርቱን አነሳና ለመይሙና መለሰላት፤ በቦታው ሳንቃውን አስቀመጠ። ከጥርሶቹ አንዷ ወልቃ መሬት ወደቀች።

«እትዬ ሙሉእመቤት፣ ሙሾውን ያቁሙልኝ» አለ። «ምጣድ አይደለም።»

«ምኑ ልጄ?»

«እጇን የፈጃት። ይህን ሳንቃ ስትበሳ የጋለ ብረት ነው። የሠራችው እሷ ናት፤ የሠርግ ሳጥኗን ክዳን አፍርሳ። እኔ እጄ ሞቶ ነበር፤ እጅ ሠራችልኝ።»

አቶ ወልደገብርኤል ከፊት ተቀምጠው ነበር።

«ሕልሙስ?» አሉ።

«ሕልም አላየሁም ጌታዬ።»

«በሰማዕቱ ስም ዋሸኸኝ?»

«ዋሸሁ። እርስዎንም፣ አገሩንም፣ ሰማዕቱንም። ከሁሉ በፊት እሷን። እየሰማችኝ ነው የዋሸሁት።»

አጋፋሪው ቀስ ብለው ተነሱ። ቡርኖሳቸውን አስተካከሉ። «ዘርፉን ሌላ ሰው ይሠራዋል» አሉና ከዳሱ ጎንበስ ብለው ወጡ። ከኋላ አንዱ፣ ገነነ የሚባለው የሰፈሩ ተረበኛ ሳይሆን አይቀርም፣ «ባለሕልሙ ነቃ!» አለ። ጥቂቶች ኩታቸው ውስጥ ሳቁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ያ ተረብም ከዚያች ቀን ጀምሮ እስኪሞት ተከተለው። ዓምደሚካኤል ፊቱ እንደ ፍም ቀላ፤ ግን አልተቀመጠም። መቆም ይገባኛል ብሎ ቆመ።

እትዬ ሙሉእመቤት ሳንቃውን በሁለት እጇ አነሳች። አርባ ዓመት ስታለቅስ ጋሻ ይዛ አውርዳለች፣ ጠመንጃ ይዛ አውርዳለች፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ይዛ ግን አታውቅም። ገለበጠችው። ጥርሲቱ የወለቀችበትን ቀዳዳ፣ በዙሪያው የጠቆረውን እንጨት አየች። ወደ ዓምደሚካኤል ቀና አለች፤ ልትሰድበው መሰለ። ከዚያ ሳንቃውን ከራሷ በላይ ከፍ አደረገች።

«ምጣድ ያልኩትን ቃል፣ መልሱልኝ ቶሎ፣
ብረት ነው የፈጃት፣ በእሳት ላይ ግሎ!»

መጀመሪያ የጮኸችው መይሙና ናት። ሦስት ቀን ሙሉ ንፍሮ ስታድል አንዲት ዘለላ እንባ ያልወጣት ሴት፣ እንዝርቷን ደረቷ ላይ ጨብጣ «አይናዲስዬ! ባለ እጄ!» ብላ መሬት ወደቀች። ሴቶቹ ተከተሏት። ዓምደሚካኤልም ያኔ አለቀሰ፤ ሰው እያየው፣ ፊቱን ሳይሸፍን።

ሰዉ ሲበተን ሳንቃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብቻውን ተቀመጠ። ጥርሶቹን ሲቆጥር ወልቃ የወደቀችው ሰባተኛዋ ጥርስ ነች፤ ከግራ ትንሿ ጣት ተነስቶ ሲቆጠር፣ የቀኝ እጁ ሌባ ጣት። ጥርሲቱን ከመሬት አንስቶ ኪሱ ከተተ። ሌባ ጣቱን ባዶው ቀዳዳ ውስጥ አስገባ። ልኩ ነበር። እስኪጠሩት ድረስ ከዚያ አላወጣውም።

መይሙና ማሰሮና ሳህን ይዛ መጣች፤ ጎረቤት ያመጣው እዝን ቀርቦ ነበር።

«ይታጠቡ ጋሼ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሱም።»

ሁለቱን እጆቹን ዘረጋ። የቀኝ ሌባ ጣቱ አይናዲስ በብረት ከበሳችው ቀዳዳ በወጣ ጥላሸት ጠቁሮ ነበር። ውሃው ሲወርድ ሌሎቹን አጥፎ አሸ፤ ያቺን አንዷን ግን ወደ ላይ ቀስሮ ከውሃው አራቃት። መይሙና አየችና ማሰሮውን ዘንበል አድርጋ፣ ጣቱን እንዳይነካው በዙሪያው አፈሰሰችለት።