ንድፉ ውስጥ ያልገባው ቀዳዳ

ወፏ ለሦስተኛ ጊዜ መጥታ ያንኑ ቦታ በደረቷ መታች፤ አዲሱን የጣሪያ ክፈፍ ጣውላ፣ ከቀኙ ጥግ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብሎ። አፏን ትንኝ ሞልቶታል። ትመታለች፣ ትዞራለች፣ ተመልሳ ትመጣለች።

አናጢው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አዩዋትና እሷም እንደ አክስትሽ ቀለሙን አልወደደችውም አሉኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። የመቶ ዓመቱ ቤት የአክስቴ ነው። ልክ እንደ ጥንቱ ሆኖ እንዲታደስላት ስለፈለገች፣ እያንዳንዱን እንጨት ለክቼ የምነድፈው እኔ ነኝ። ጋሼ ከንድፌ ዝንፍ አይሉም። ጣውላውን በምስማር የመቱት ትናንት ከሰዓት ነበር።

እኔን የገረመኝ ወፏ ቦታውን አንዴም አለመሳቷ ነው። ሜትሬን ይዤ መወጣጫው ላይ ወጣሁ። ያልደረቀው ቀለም ላይ ትንሽ ላባ ተለጥፏል፤ ከጥጉ አርባ ሁለት ሳንቲሜትር። ወርጄ ግቢ ውስጥ ከተከመረው እንጨት መሃል አሮጌውን ጣውላ ፈልጌ ለካሁ። አርባ ሁለት ላይ ቀዳዳ አለ።

ቀዳዳውን አውቀዋለሁ። የበሰበሰ መስሎኝ ንድፉ ላይ አላስገባሁትም፤ ስንማር ብልሽቱን ሳይሆን ደህና የነበረበትን መልክ ንደፉ ተብለናል። አሁን ጣቴን ሳስገባ ግን ጠርዙ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል። ብስባሽ እንዲህ አይለሰልስም። ስንት ዓመት፣ ስንት ክንፍ ቢያልፍበት ነው?

ዝም አይነቅዝም ብዬ ልተወው ቃጣኝ። ሠራተኞቹ ፊት ተሳሳትኩ ማለት ለእኔ ተራራ ነው። ተመልሼ ወጥቼ ጆሮዬን ጣውላው ላይ ሳደርግ ግን ከጀርባው ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ከአንድ በላይ።

"ጋሼ፣ ንድፉ ተሳስቷል" አልኩ ከላይ ሆኜ።

"ንድፉ ነው የተሳሳተው?"

"እኔ ነኝ። እዚህ ውስጥ ጫጩቶች አሉ። በራቸውን ዘግተንባቸዋል።"

ጋሼ ሦስት ቀን የላጉት እንጨት ነው። ወጥተው አጠገቤ ቆሙና እሳቸውም ጆሯቸውን ለጠፉ። አንዱ ሠራተኛ ይነቀል ሲል ጎጆው አብሮ ቢወርድስ አሉት። ሌላው መሰርሰሪያ ላምጣ ሲል በዓይናቸው ብቻ አስቀሩት። ከዚያ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አንስተው ሰጡኝ።

"በይ ንደፊው የኔ ልጅ። አሁን ግን ያየሽውን።"

በመሮ ቀስ እያሉ ፈለፈሉት፤ እኔ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይገባ እጠርጋለሁ። ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሰው ሲጨርሱ ወርደን ራቅ ብለን ቆምን። አክስቴ ምን ሆናችሁ ብላ ወጣች፤ ጣቴን ወደ ቀዳዳው ቀሰርኩላት።

ወፏ መጣች። አልገባችም። ጋሼ ከንፈራቸውን ነከሱ። ሁለተኛ ስትመጣ ክንፏን አጥፋ ገባች፤ ስትወጣ አፏ ባዶ ነበር።

"ስንት ይሆኑ?" አሉ ጋሼ በሹክሹክታ።

አላውቅም አልኳቸው። ሠራተኞቹን ወደ ወለሉ ሥራ ላኩ። እሳቸው ግን በየስንት ደቂቃው እንደምትመላለስ ሊያዩ ሰዓታቸውን ፈትተው መዳፋቸው ላይ ይዘው እዚያው ቆሙ።