ሰላምታ የመለሰ ሁሉ

ሰላምታዎን የመለሰልዎ ሰው ሁሉ መናገር የሚችል ይመስልዎታል? ለመመለስ አይቸኩሉ። ቸኩሎ የመለሰ ሰው አውቃለሁ። የዶክትሬት ዲግሪ አለው፤ የመመረቂያ ጥናቴ አማካሪም እሱ ነው። በእሱ ችኮላ የአጎቴ ሚስት ቤታቸውን ጥለው ቦርደዴ፣ ወንድማቸው ጋ ተቀምጠዋል።

ሳብሪና እባላለሁ፤ የጭሮ ልጅ ነኝ። የንግግር ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በማዕረግ ለመመረቅ ጥናት መሥራት አለብኝ፤ ጥናቱን ለመጀመር ደግሞ ፕሮፖዛሌ መጽደቅ አለበት። ጥያቄዬ አጭር ነበር፦ ስትሮክ ንግግሩን የቀማው፣ ኦሮምኛም አማርኛም የሚናገር የምዕራብ ሐረርጌ ሰው በምን ይመርመር? አማካሪዬ ዶክተር ወንድምአገኝ ረቂቁን በሰጠሁት ቁጥር በቀይ አዥጎርጉሮ ይመልስልኛል።

«ዝግጁ መመርመሪያ እያለ ምን አዲስ ያስፈጥርሻል?» ይላል።

ዝግጁ የሚለው ከውጭ የመጣ የሥዕል ጥራዝ ነው። ታማሚው ሥዕሉን እያየ ስሙን ይጠራል። አንዱ ሥዕል ከበረዶ ጡብ የተሠራ ጎጆ ነው። በዚህ ሚዛን የሂርና ሰው የበረዶ ጎጆን ስም ካልጠራ ታማሚ ይባላል፤ የሚስቱን ስም መጥራት ያቃተው ግን፣ ቆይተው እንደሚያዩት፣ ጤነኛ ነው። ይህንኑ ረቂቁ ላይ ብጽፍ «ቁጣሽን ቀንሺና ሳይንሱ ላይ አተኩሪ» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣልኝ። እሺ፤ ቁጣዬን ሳልቀንስ ሳይንሱን ልንገርዎ።

አዴራዬ ሙሐመድአሚን፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ሂርና ላይ ጫት ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አምና ስትሮክ መታቸው። እጃቸው ተመለሰ፣ እግራቸው ተመለሰ፤ ቃላቸው አልተመለሰም። የተረፈላቸው ከልማድ ብዛት አፋቸው ላይ የተጣበቀው ብቻ ነው፦ ሰላምታ፣ ዱዓ፣ ቁጥር። የእኛ አገር ሰላምታ ደግሞ በአንድ ቃል አያልቅም። ጤና ይጠየቃል፣ ልጆች ይጠየቃሉ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ ይጠየቃል። ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፦ «ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ»፤ ሰላም ነው፣ ምስጋና ለአላህ። አዴራዬ ይህንን እንደ ወንዝ ያወርዱታል። ቁልፍ አንሥተው «ይህ ምንድን ነው?» ቢሏቸው ግን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ግንባራቸውን ላብ ያጠምቀዋል፣ ምንም አይወጣም።

ሚስታቸው አዴ ሉባባ ይህንን ኩርፊያ ነው ብለው ያዙት። ምክንያት አላቸው። ስትሮኩ በመታቸው ዕለት ጠዋት ሁለቱ ተጣልተው ነበር፤ አዴ ሉባባ ባላቸውን ሳያማክሩ ለሴት ልጃቸው የመጣውን ሽማግሌ እሺ ብለው ሸኝተውት ነበርና። ከዚያ ወዲህ ባላቸው ስማቸውን ጠርተው አያውቁም።

«ለመንገደኛው ሁሉ ምላሱ ይፈታል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ይታሰራል» ይላሉ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። በሂርና ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁት ሐጂ አብዱልቃዲር መጡ። አዴራዬ አሳምረው ተቀበሏቸው፤ ለዱዓውም አሜን አሉ። በደንቡ ግን ይቅር የሚል ሰው የበደለውን ሰው ስም ጠርቶ፣ በገዛ አፉ፣ ሰው እየሰማ ይቅር ማለት አለበት። «ሉባባን ዓውፍ ብያለሁ በል» አሏቸው ሐጂ። ዝም። ደግመው ጠየቁ፤ ዝም። ሦስተኛ ጠየቁ። አዴራዬ ምንጣፉን እያዩ ቀሩ። «ልቡ አልታረቀም» ብለው ሐጂ ተነሡ።

ለአዴ ሉባባ የቀራቸው አንድ ተስፋ ነበር።

«ኢንተሎ፣» አሉኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፤ «አንቺ በሽታ ነው ትያለሽ። አስተማሪሽን አምጪልኝ። እሱ በሽታ ነው ካለ ዕድሜ ልኬን አስታምመዋለሁ። ቂም ነው ካለ ግን ከቂም ጋር አንድ ጣራ ሥር አላድርም።»

ዶክተር ወንድምአገኝ ለሥልጠና ወደ ሐረር ሲሄድ በሂርና እንደሚያልፍ ሰምቼ ነበርና ለመንኩት። በዓይኑ ካየ ፕሮፖዛሌንም ያጸድቃል፣ አዴ ሉባባንም ያሳርፋል ብዬ አስቤ ነበር። እሺ አለ።

ከሰዓት በኋላ ደረሰ። አዴራዬ ትራስ ተደግፈው፣ ጎረቤቶቻቸውና ሐጂ አብዱልቃዲር ከበዋቸው ተቀምጠዋል። እንግዳው ጫማውን አውልቆ ሳይጨርስ ሰላምታው ጀመረ። አዴራዬ ይጠይቃሉ፣ ሐጂ በእንግዳው ፈንታ ይቀበላሉ፤ ሐጂ ይጠይቃሉ፣ አዴራዬ ይመልሳሉ። ቀጥሎ ዱዓ መጣ፤ ረዥም፣ የሚያምር ዱዓ። ወንድምአገኝ ከሌላ ክልል የመጣ ሰው ነው፤ ከኦሮምኛ አንዲት ቃል አይሰማም። እጁን ዘርግቶ አሜን አለና ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ሆኑ ነው የምትይኝ? ከእኔ የተሻለ ይናገራሉ እኮ!»

«ዶክተር፣ ይህ በልማድ የሚወጣ ንግግር ነው። ዘፈን፣ ጸሎት፣ ቁጥር ይተርፋል ብለው እርስዎ ራስዎ አስተምረውናል።»

«አስተምሬያለሁ። እሳቸው ግን እየተጨዋወቱ ነው።»

«ሰላም እየተባባሉ ነው እንጂ ጨዋታ አልጀመሩም።»

«ይህ ሁሉ ሰላምታ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንዱ ጎረቤት «ገና ደጃፉ ላይ ነን ዶክተር፤ መቼ ገባንና!» አለው።

ደሜ ፈላ። የማያስተባብለው ነገር ላሳየው ፈለግሁ። ወደ አዴራዬ ዞሬ በኦሮምኛ፣ በሰላምታው ዜማ ጀመርኩ።

«ልጆቹ ደህና?»

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ከብቱ ደህና?»

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ዜማውን ሳልቀይር፣ «ቤትዎ ተቃጠለ?» አልኳቸው።

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ አዴራዬ፤ ፈገግ ብለው።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ዜማውን ይከተላሉ እንጂ ቃሉ አይደርሳቸውም።

«ምን አልሻቸው?» አለኝ ዶክተሩ።

«ቤትዎ ተቃጠለ ወይ ብላቸው አልሐምዱሊላህ አሉኝ!»

ሳቀ። «ቀልደኛ ናቸው በይኛ።»

የጓዳው በር ላይ የቆሙት አዴ ሉባባ ግን አልሳቁም። «ሰማችሁ?» አሉ። «እኔ ያለሁበት ቤት ተቃጠለ ሲሉት ምስጋና አቀረበ! ልቡ የያዘውን ምላሱ አወጣው።»

«አዴ፣ አልገባቸውም እኮ!»

«አንቺ ዝም በይ» አሉኝና ወደ እንግዳው ዞረው በአማርኛ ቀጠሉ፦ «አንተ፣ ዶክተር ነህ አይደል? በሽታ ነው ወይስ ቂም ነው? ተናገር።»

ወንድምአገኝ ሰዓቱን አየ። ውጭ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ነበር።

«እናቴ፣ ንግግራቸው ደህና ነው» አለ። «ምናልባት ትንሽ ሆድ ብሷቸው ይሆናል። ቀስ እያሉ ያባብሏቸው።»

ሆድ ብሷቸው! አንጎላቸው የተመታ ሰው ሆድ ባሰው ተባለ። ሐጂ አብዱልቃዲር ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ፤ ፍርዳቸው በዶክተር አፍ ጸደቀ፣ ማኅተም ተመታበት። እኔ ቁልፌን ከቦርሳዬ አውጥቼ እስከ መኪናው ተከተልኩት። «ይህን ብቻ ያሳዩዋቸው! አንዲት ቃል ብቻ ይጠይቋቸው!»

«የሥዕል ጥራዙን አልያዝኩትም» አለኝና በሩን ዘጋው።

በማግሥቱ ጠዋት አዴ ሉባባን ጭሮ መናኸሪያ አገኘኋቸው። ከሂርና በመጣው ሚኒባስ ወርደው፣ በባጃጆቹ ጩኸት መሐል ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው፣ የቦርደዴውን ይጠብቃሉ።

«ተሳስቷል፣ አዴ።»

«አንቺ ተማሪ ነሽ፤ እሱ አስተማሪሽ ነው። ማንን ልመን?»

«እኔን።»

«አንቺማ የወንድሙ ልጅ ነሽ።» ነጠላ ጫማቸው ላይ ያረፈውን አቧራ አራገፉ። «ከተሳሳተ፣ ሰው ፊት እንደተናገረ ሰው ፊት ይመልሰው። ያኔ እመጣለሁ። በአንቺ አፍ ግን አልመለስም።»

አዴራዬ አሁን ደጃፋቸው ላይ ይውላሉ። አላፊው «ሉባባስ? ደህና ናት?» ሲላቸው «ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ሰፈሩ ደግሞ «ጭራሽ ተመስገን አለ! ምን ዓይነት አንጀት ነው?» ይባባላል። ምሳ ሲቀርብላቸው ግን ወደ ጓዳው በር እያዩ ጉልበታቸውን በጥፊ ይመታሉ፤ ይመታሉ፤ ሳይበሉ ይነሣሉ። ይህንን የሚለካ ገጽ በጥራዙ ውስጥ የለም።

ፕሮፖዛሌም ተመለሰ። «የተጎበኙት ግለሰብ በሚገባ ይግባባሉ። ችግሩ መኖሩ አልተረጋገጠም። ርዕስ ይቀየር።» አዩልኝ ድፍረት! ቤት ያፈረሰበትን ስህተት መልሶ እኔኑ መጣያ ማስረጃ አደረገው።

ሽማግሌዎቹን አልወቅስም። ቋንቋውን ያውቃሉ፤ ሕመሙን አያውቁም። አማካሪዬ ሕመሙን ያውቃል፤ ቋንቋውን አያውቅም። ሐጂ አብዱልቃዲር ግን ሦስት ጊዜ ጠይቀው ነው የፈረዱት። እሱ አንዴም አልጠየቀም።

ርዕሴን አልቀየርኩም። ረቂቁን እንዳለ አስገብቻለሁ፤ የክፍላችን ደንብ ነውና በጉባኤ ፊት የማቀርብበት ቀን ተቆርጧል። አዳራሹ ለሁሉም ክፍት ነው። ሐጂ አብዱልቃዲርን ጠርቻቸዋለሁ፤ «ፍርዴ ጠማማ ከሆነ ሳልሞት ልወቀው» ብለው እሺ ብለውኛል። ስልኬን ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አኖረዋለሁ፤ በወዲያኛው ጫፍ አዴ ሉባባ ያዳምጣሉ።

ዶክተር ወንድምአገኝ፣ በቀይ ብዕር አልቀበልም። ቢሮ ጠርተው፣ በር ዘግተው ቢነግሩኝም አልሰማም። የጥናቱን ዘዴ፣ የናሙናውን ብዛት፣ የቁጣዬንም መጠን በኋላ እንነጋገርበታለን። መጀመሪያ በዚያ አዳራሽ፣ በሐጂ ፊት፣ አዴ ሉባባ እየሰሙ፣ ይህችን አንዲት ጥያቄ ይመልሱልኝ፦ ሙሐመድአሚን የሚስታቸውን ስም ያልጠሩት እንቢ ብለው ነው ወይስ አቅቷቸው? ይናገሩ።