ከካርቱም ባንድ ሰዓት

ከበለሳ ረሃብ ነቅሎን፣ በመተማ አድርገን፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን በእግራችን ኳትነን ገዳሪፍ የገባነው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። የሦስት ዓመቷ ልጄ ሉሉ መንገድ ላይ ኩፍኝ ይዟት፣ ስንደርስ በሞትና በሕይወት መካከል ነበረች። የርዳታ ሐኪሞች በአውሮፕላን ካርቱም ወሰዷት። እኔን ወባ ጥሎኝ ነበርና ቀረሁ። አምስት ወር ሙሉ «ደኅና ናት» ከማለት በቀር የነገረኝ ሰው የለም።

አንድ ሐሙስ የርዳታ ክሊኒኩ አስተርጓሚ በድሩ በብስክሌት እየበረረ መጣ።

«እናኑ፣ የምሥራች!»

«ምሥር ብላ!»

«ሉሉ ነገ በአውሮፕላን ትመጣለች። ከካርቱም ገዳሪፍ ባንድ ሰዓት ትደርሳለች። ብቻ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ተገኙ፤ ተቀባይ ያጣ ልጅ ወደ ካርቱም ይመለሳል» አለና ብስክሌቱን ረግጦ ሄደ።

«ባንድ ሰዓት ማለት ማለዳ ነዋ» አለ ባሌ ጋረደው። አዋቂ ነኝ ባይ ነው እሱ። «ካርቱም በሎሪ ሁለት ቀን ነው። አውሮፕላኑ ዛሬ ተነስቶ ሌሊቱን ሲበር ያድራል።»

«ሌሊቱን ሙሉ ሰማይ ላይ? ልጄን ብርድ ሊፈጃት ነው!» ብዬ ጋቢውን ከላዩ ገፈፍሁት።

ገና ወፍ ሳይንጫጫ ሜዳው ላይ ደረስን። አንድ ሰዓት ሆነ። ሁለት ሆነ፤ ሦስትም ሆነ። ከፍየል በቀር ዝር ያለ የለም። አራት ሰዓት ላይ ጋረደው «ቀርቷል መሰለኝ፣ ብንሄድስ?» አለ።

«ንቅንቅ በልና ሚስት የለህም!» አልሁት። ምስኪን፣ ተመልሶ ቁጭ አለ።

አፌ እንዲያ ይበል እንጂ እኔም ሰግቼ ነበር። ቀድመውን አርፈው፣ ተቀባይ የላትም ብለው መልሰዋት ይሆን? ብትመጣስ ታውቀኛለች ወይ? ለሦስት ዓመት ልጅ አምስት ወር ዕድሜ ነው። ፈራሁ።

ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ሲል በድሩ በክሊኒኩ መኪና ከተፍ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያላችሁት?»

«ከማለዳ! ባንድ ሰዓት አላልህም?»

ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወላሂ፣ መንገዱን ነው እኮ ያልሁት! ከካርቱም እዚህ ለመድረስ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈጅበት። ስምንት ተኩል ላይ ተነስቷል፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይገባል።»

«የሁለት ቀን አገር ባንድ ሰዓት? አታሹፍ!» አለ ጋረደው።

እኔ ጫማዬን አውልቄ በበድሩ ላይ ልወረውር ስል ከወደ ምዕራብ ጉርምርምታ ተሰማ። እልል አልሁ፤ ጫማዬ እጄ ላይ እንዳለ።

አውሮፕላኑ አረፈ። አምስት ስድስት ልጆች ወረዱ። መጨረሻ ላይ አንዲት ጉንጯ የሞላ፣ ቀይ ጫማ ያጠለቀች ልጅ የነርሷን እጅ ይዛ ብቅ አለች። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ የሸኘኋት ልጄ በእግሯ ትራመዳለች!

ነርሷ በዐረብኛ «እናትሽ የታለች?» አለቻት።

ሉሉ አንድ በአንድ አየችን። እኔ ጋ ስትደርስ የነርሷን እጅ ለቀቀች። መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች፤ ወገቧን ያዘች፤ ከላይ እስከ ታች ገላመጠችኝ።

«ዩማ» አለችኝ፤ በሱዳኖቹ አፍ እማዬ ማለቷ ነው። «ለምን ቆየሽ?»

ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ሲጠብሰኝ የዋልሁት እኔ፣ ጉልበቴ ላይ ወድቄ «ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት» አልኋት።